ለአኮርዲዮኑ ሰውዬ የሰጠሁት ግጥም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ለእናንተ የምነግረው ስለማታውቁኝ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ከዚያ ልጀምር።

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ዜካ የሚባል ብራዚላዊ አብሮኝ ይሠራ ነበር። አኮርዲዮን ይጫወታል። የአገሩ ገጠር ዘፈን በፍቅርና በትዳር መሳቅ ይወዳል፤ ሚስቱ የከዳችው ባል፣ ከአማቱ የሚሸሽ ሙሽራ። በምሳ ሰዓት እየተረጎመልኝ እንስቃለን። አንድ ሰኔ፣ ሊልበርን የሚባል ሰፈር ባለው ቤቱ ጓሮ፣ በባህላቸው ለሳቅ የሚደረገውን የውሸት ሠርግ ደግሶ ጠራኝ። ጓደኛዬን ዳዊትንና ሚስቱን ማርታን ይዤ ሄድኩ። ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም። ማርታን ከእሱ በፊት የወደድኳት እኔ ነበርኩ። ይህንንም ለማንም አልተነፈስኩም።

ሙሽራዋ እርጉዝ ለመምሰል ሆዷ ላይ ትራስ አስራለች፤ አባቷ የእንጨት ጠመንጃ ደግኖ ሙሽራውን እየጎተተ አመጣው። ዜካ እንግዶቹን በተራ በተራ እየተረበ ይዘፍናል። የተተረበው ባል ከሁሉም በላይ ይስቃል፤ እነሱ ዘንድ ቀልዱ እዚያው ይቀራል። እኛ ግን ለአዝማሪ ግጥም ስንሰጥ የኖርን ሰዎች ነን። የተዘፈነብን ነገር ቤታችን ድረስ ይከተለናል። ይህን እያወቅኩ፣ አዎ እያወቅኩ፣ ተነሥቼ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ማርታን በዓይኔ እየጠቆምኩ ለዜካ በጆሮው ሹክ አልኩት፤ ሥራ ስትሄድ ቀለበቷን የምታወልቅ ሚስት።

ነገሩ እውነት ነበር። ማርታ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ቀለበቱ ጓንቷን እየቀደደ ስላስቸገራት አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ጠዋት ጠዋት ስለማደርሳት ምክንያቱን አውቃለሁ። ምክንያቱን ግን ለዜካ አልሰጠሁትም።

ዜካ በእንግሊዝኛ፣ በአገጩ ወደ ማርታ እያመለከተ ዘፈነው። ሁሉም ሳቀ። ዳዊትም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ሰኞ ሳይነግራት ሥራ ቦታዋ ሄዶ ባዶ ጣቷን አየ።

ማርታ ደወለችልኝ። "ለግላቩ ብዬ እንደማወልቀው አንተ ታውቃለህ። ፕሊስ፣ ኮል አድርግለት" አለችኝ።

"በባልና ሚስት መሃል አልገባም" አልኳት።

ጨዋ ሰው መሰልኩ። አንድ ስልክ ነበር እኮ፤ ምን ከለከለኝ? ምንም። ግጥሙን የሰጠሁት እኔ፣ ያልደወልኩትም እኔ። በስድስት ወር ተፋቱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማርታን አገባኋት።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እስከ ዛሬ ዜካ ግጥሙን በአጋጣሚ ከራሱ ያመጣው ይመስላታል። የመጀመሪያ ትዳሯ በተነሣ ቁጥር፣ "ያን ነገር ያፈለቀውን ሰው እግዜር የእጁን ይስጠው" ትላለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አሜን እላለሁ።