ያልተሰካው ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኦሃዮ፣ ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር፣ ለምረቃ ድግስ ተጠርተን ነበር። ምሳ ከተበላ በኋላ አንድ የተከበሩ ሰው ማይክ ይዘው ተነሡና፣ ልጆቻችን እዚህ አገር ይሉኝታ አጡ ብለው ረዘም አድርገው አዘኑ። አዳራሹ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ይሉኝታ ሲወደስ በሰማሁ ቁጥር አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው የተቃጠለ ትራንዚስተር ሽታ ነው።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በዲቪ መጥቼ ዋይትሆል የሚባል ሰፈር እየኖርኩ መጋዘን እሠራለሁ፤ የኤሌክትሮኒክስ ዲፕሎማዬ ሻንጣ ውስጥ ተኝቷል። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ጋሼ ምናሴ ይኖሩ ነበር፤ አገር ቤት የስልክ ቴክኒሻን፣ እዚህ የአረጋውያን ረዳት፣ በትርፍ ጊዜያቸው ባለፈቃድ የአማተር ሬዲዮ ሰው፣ ከቤታቸው ሆነው በአየር ሞገድ ከሌሎች ጋር የሚነጋገሩ። ለፈቃዱ ፈተና ያስጠኗቸው ካርል የሚባሉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ካርል ሲታመሙ ልጃቸው ራቅ ወዳለው የኦሃዮ ደቡብ ምሥራቅ ኮረብታ ወሰደቻቸው። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ጋሼን በሬዲዮ ይጠራሉ። እኛ እንሰማቸዋለን፤ የጋሼ ትንሽ ሬዲዮ ግን ኮረብታው ድረስ ጉልበት የላትም።

“ዛሬም የለህም” አሉ ካርል አንድ ቀን። “እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሰማሁህ ዕቃዬን ነቅዬ እጥላለሁ።”

“ስልክ ለምን አይደውሉላቸውም?” አልኳቸው ጋሼን።

“እደውላለሁ እንጂ! ልጅቱ ታነሣና ‘ደህና ነው’ ትለኛለች። ደህንነቱን ከራሱ አፍ ነው የምፈልገው።”

መፍትሔው የሬዲዮውን ጉልበት የሚያበዛ አምፕሊፋየር ነበር፤ ጋሼ ከአሮጌ ዕቃ መሐል ያገኙት፣ ግን የሞተ። ጥቅምት ኦሃዮ ውስጥ ሰው ሁሉ ቀለሙን የለወጠ ቅጠል እንዲያደንቅ የሚገደድበት ወር ነው። እኛ ለመስኮቱ ጀርባችንን ሰጥተን በርበሬ የበዛበት ፓስታ እየበላን የደረቁ ካፓሲተሮች ቀየርን፣ የለቀቀ ብየዳ ደገምን።

የሙከራው ቀን ደረሰ። አምፕሊፋየር ሲሞከር አንቴናውን ተክቶ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚውጥ ሳጥን ይሰካበታል። ካልተሰካ ጉልበቱ መሄጃ አጥቶ ይመለስና ጉልበት የሚያበዛውን ክፍል፣ ትራንዚስተሩን፣ ያቃጥላል። የሳጥኑ ገመድ ሳይሰካ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንጠልጥሎ አየሁት። ጋሼ ግን ሠላሳ ዓመት በሙያው የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ማነኝ? የሚያውቁት ነገር ይኖራል አልኩና አፌን ዘጋሁ። የማስተላለፊያውን ቁልፍ ተጫኑ። ጠቅ አለ፤ ቀጭን ጭስ ወጣ።

ጋሼ ገመዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። “እርጅና!” አሉ።

“ያጋጥማል፣ ጋሼ” አልኩ፣ በታላቅ ትሕትና።

ሂሊያርድ የሚባል ሰፈር የሚኖር አንድ የሬዲዮ ወዳጃቸው ተመሳሳይ ትራንዚስተር ከመሳቢያው ፈልጎ ሰጠን። ሌላ አልነበረውም። ገጥመን ስንጨርስ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጋሼ ተቀመጡ፣ ጣታቸውን ማስተላለፊያው ላይ አሳረፉ። ገመዱ እንደገና ተንጠልጥሏል።

“እንግዲህ በጌታ ስም” አሉ።

“ጋሼ፣ ገመዱ!” ጮኽኩ።

ጣታቸውን አነሡ። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ አልነበረም። “ያን ጊዜም አይተኸው ነበር አይደል?”

እጄን ወደ ገመዱ ዘረጋሁ።

“እኔን አከበርክና ዕቃዬን አቃጠልክ። በል ሰካው።”

ከዚያ ማስተካከሉን ያዝን። እሳቸው በፕላስቲክ መፍቻ (ብረት ሲጠጋው ልኬቱ ይዛባል) ትንንሾቹን ብሎኖች በስሱ ያዞራሉ፤ እኔ የመለኪያውን ቀስት እያየሁ እጮኻለሁ። “ጨመረ... ጨመረ... ወረደ! ይመልሱት!”

“አሁን ደግሞ አለቃ ሆነሃል!” አሉ፤ ግን መለሱት።

አራት ሰዓት ላይ ገመዱን ወደ አንቴናው አዛወርን። ካርል ተጣሩ፤ ጋሼ መለሱ። መልስ ስንጠብቅ የትራንዚስተሩን ማቀዝቀዣ በመዳፌ ነካሁት፤ ሞቋል፣ ግን አይፋጅም።

“ምናሴ!” አለ ድንገት ሬዲዮው። “የት ጠፍተህ ነው? ድምፅህ ደግሞ እንዴት አርጅቷል!”

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። ያን ያህል ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ወደ ድግሱ ልመለስ። የተከበሩት ሰው ስለ ይሉኝታ ሲያዝኑ ማይኩ ጠፍቶ ነበር። ፊት የተቀመጥነው ብቻ ነን የሰማናቸው፤ ኋላ ያሉት በባዶው ነው የነቀነቁት። መቶ ሰው አይቶ ዝም ሲል፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ከመቀመጫዋ “ማይክህ ኦፍ ነው!” አለቻቸው። ሰውየው አበሩትና ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀመሩት። እውነት የተናገረ ሰው እንዲህ ያለ ቅጣት አለበት፣ እኛም አብረን ተቀጣን። ባለቤቴ ልጅቷን በጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠቻት። እኔ የራሴን ኬክ ገፋ አደረግኩላት።