ሳቂታዋ ልጄና ትክትክ

ልጃችን ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው ትክትክ የያዛት። ያን ጊዜ መካኒሳ፣ አንድ የገበሬ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለቤቴ አስተማሪ ስለሆነች ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተማሪዎቿን ደብተር ታቅፋ ትወጣለች። እኔ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጎረቤቶች «የዚህ ቤት እናት ጺም አላት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። በኛ ቤት ሌላው ሁሉ ቢጎድል ሳቅ አይጎድልም ነበር።

ልጅቷ ደግሞ ከሁላችን ትብሳለች። ዶሮ አንሸራትቷት ብታይ ትስቃለች፤ ሸሚዜን ገልብጬ ብለብስ ትስቃለች። ስትስቅም እንደ ትልቅ ሰው ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች። አከራያችን እዚያው መካኒሳ ተወልደው ያረጁ ገበሬ ናቸው፤ አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛ እንደ ልቡ ይገባል። ሳቋን ሲሰሙ ከበረቱ በር ብቅ ብለው «ኢንተላ ኮ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽ?» ይሏታል። ልጄ ማለታቸው ነው። እሷ በመልሱ ፋንታ እንደገና ትስቃለች።

ሳሉ የጀመራት በጥቅምት ነው። መጀመሪያ ብርድ መስሎን ነበር። ዝንጅብል በማር አፍልተን አጠጣናት፤ ደረቷን ቅባት ቀባናት። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሳሉ መልኩን ለወጠ። አንዴ ከጀመራት አያቆምም፤ ትክ ትክ ትክ እያለ ይከታተላል። ፊቷ ይቀላል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ በመጨረሻ ትንፋሿን ስትስብ እንደ አውራ ዶሮ ጩኸት ያለ ድምፅ ይወጣታል። ወዲያው የበላችውን በሙሉ ታስመልሳለች። ከዚያ አፏን በእጇ ጠረግ አድርጋ «አባዬ፣ እንጫወት» ትለኛለች። እሷ ረስታዋለች፤ እኔ ግን ገና ወለሉን እየጠረግኩ ነኝ። የነበሩን አንሶላዎች ሦስት ስለነበሩ አንዱ ሁልጊዜ ገመድ ላይ፣ አንዱ ሁልጊዜ ሳፋ ውስጥ ነበር።

አንድ ማለዳ አከራያችን ሲያልፉ ሰሟትና ቆሙ።

«ይቺ ትክትክ ናት» አሉ። «መድኃኒቷ የአህያ ወተት ነው። የኔዋ አህያ ወልዳለች።»

ባለቤቴ በትሕትና ሰማቻቸውና «አባባ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» አለቻቸው።

«ውሰዷት፣ ማን ከለከላችሁ። አህያዋ የትም አትሄድም።»

በማግሥቱ ልጅቷን አቅፌ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከጎኔ ግራጫ ሱፍ የለበሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ተቀምጧል። የመካኒሳ መንገድ ያን ጊዜ ጉድጓዱ ብዙ ነው። ታክሲው ሦስት ጊዜ ያህል እንዳነጠረን ሳሉ መጣ። ፊቷን ወደ ደረቴ ላዞር ስል ቀደመችኝና ቁርሷን በሙሉ የሰውየው ሱሪ ላይ መለሰችው። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። የምገባበት ጠፋኝ።

ወጣቱ ከኪሱ መሀረብ አወጣ። ሱሪውን ሊጠርግ ነው ስል የሷን አፍ ጠረገላት።

«ቁርስሽ ምን ነበር?» አላት።

«ፍርፍር።»

«ይታያል» አለ።

ይሄኔ ሳቀች። ተሳፋሪውም ሳቀ። ሳቋ ግን ሳሉን ቀሰቀሰውና የቀረው ፍርፍር በሰውየው ሁለተኛ እግር ላይ አረፈ። እኔ ይቅርታ እያልኩ ስንተባተብ እሱ ሁለቱን ጉልበቶቹን ተራ በተራ አየና «አሁን እኩል ሆነ» አለ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ዛሬ ማዘጋጃ ቤት ልንፈራረም ነው የምሄደው። ሕፃን ያስመለሰበት ሙሽራ ገደኛ ነው ይባላል» አለኝ። እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ እሱም እዚያው የፈጠረው ይመስለኛል። እስከ ዛሬ ትዳሩ የሰመረ እንዲሆን እመኝለታለሁ።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ሲስተር በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ልጅቷ ፊት ለፊቷ አንዴ ሳለች፤ ሲስተር ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። የክትባት ካርዷን ጠየቀችኝ። የመጨረሻው ቦታ ባዶ ነበር። ልጅቷ ስትወለድ ባለቤቴ የምታስተምረው ክፍለ ሀገር ነበር፤ በዝውውርና በዕቃ ማጓጓዝ መሃል ረስተነው ቀርቷል። አንገቴን ደፋሁ። ሲስተር ግን አልተቆጣችኝም።

«አሁን የምልህን ስማኝ» አለች። «ሳሉ ሲጀምራት አትደንግጥ። ቁጭ አድርገህ ወደ ፊት ዘንበል አድርጋት፤ በጀርባዋ አታስተኛት። ካስመለሰች በኋላ ትንሽ አሳርፋትና ወዲያው አብላት። ሳሉ ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ያንተ ነው። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። ጭስ አታስጠጉባት፣ ከጨቅላ ሕፃን አርቋት። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ሳትውል ሳታድር አምጣት።»

«መቼ ይለቃታል ሲስተር?»

«ይህን ሽሮፕ የምሰጥህ ለሌላ ልጅ እንዳታስተላልፍ ነው። ሳሉ ግን ወር፣ ሁለት ወር ይቆያል። ታገሥ።» በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ «ብዙ አታስቦርቋት» ብላ አከለችበት።

ጥፋቴ የተጀመረው ከዚህች ከመጨረሻዋ ቃል ነው። ታክሲው ውስጥ ሳቋ ሳሉን ሲቀሰቅሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ «አታስቦርቋት» ማለት አታስቋት ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ለአከራያችንም ነገርኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በግቢያችን ሳቅ ተከለከለ።

አዋጁን ማውጣት ቀላል ነው፤ ማስከበሩ ግን አቃተን። እኔ ቅንድቤን ሰብስቤ ገንፎ ሳበላት ትክ ብላ ታየኛለች።

«አባዬ፣ ተቆጣህ?»

«አልተቆጣሁም።»

«ታዲያ ፊትህን ምን ነካው?»

ብላ ትስቃለች። ባለቤቴ ፈተና እንደሚጠብቅ አስተማሪ ፊቷን አኮሳትራ ትንጎራደዳለች፤ ልጅቷ እሷን አይታም ትስቃለች። አከራያችን የባሱት ነበሩ። እንዳያስቋት ሲሉ በፊቷ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው በጎን መራመድ ጀመሩ። አንድ ቀን እንደዚያ ሲሄዱ ከላማቸው ጋር ተላተሙ። የዚያን ቀን ያስመለሰችው የሁለት ቀን ምግብ ነው።

እየቆየ ግን ነገሩ ማሳቁን ተወ። አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሳለች አንዲት ጫጩት የእናቷ ጀርባ ላይ ልትወጣ ስትሞክር ወደቀች። እንደ ልማዷ ልትስቅ አፏን ስትከፍት አየኋት። ከዚያ በሁለት እጇ አፏን ግጥም አድርጋ ይዛ ወደ እኔ ዞረች። «አልሳቅኩም» አለችኝ በጣቶቿ መሃል። ሳሉም ቢሆን አልቀነሰላትም ነበር፤ ሲበዛባት ምግብ ጭምር መፍራት ጀምራለች፣ ክንዷ ቀጥኗል። ያም ሆኖ የሲስተርን ትእዛዝ የማፈርስ መስሎኝ ክልከላውን አላነሳሁም።

በዚህ መሃል ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። እንደሚታወቀው በዚያ ቀን ኅዳር ሲታጠን በየደጁ ቆሻሻው ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ከተማው ከጠዋት ጀምሮ በጭስ ይሸፈናል። ባለቤቴ ከዋዜማው ጀምራ ስትጨነቅ አከራያችን መላ አመጡ። ከላፍቶ በታች የጤፍ ማሳ አላቸው፤ በዓል ስለሆነ አጨዳ የለም፣ እሳቸው ከብት እንዳይገባበት ሊያዩ ይሄዳሉ።

«እዚያ ጭስ የለም። አብረን እንሂድ» አሉኝ።

ባለቤቴ ተስማማች። ቀጥላ ግን በጆሮዬ «ሲስተር ያላዘዘችውን ነገር እንዳታቀምሳት» አለችኝ። አህያዋ የምትውለው እዚያው ማሳ አጠገብ እንደሆነ ታውቃለች።

ጠዋት ልጅቷን ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ፣ የተቀቀለ ድንችና ውኃ በዘንቢል ይዤ ተከተልኳቸው። የመካኒሳ ጭስ ከኋላችን ቀረ። ላፍቶን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ አየሩ ጠራ፤ ጤፉ ደርቆ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። ልጅቷ እግሯን ደረቴ ላይ እያማታች ያየችውን ሁሉ ስም ትጠራለች። እስከ ማሳው ድረስ አንዴ ብቻ ሳለች።

አህያዋ ከነውርንጭላዋ ግራር ሥር ቆማለች። አከራያችን ከካፖርታቸው ኪስ አንዲት ጣሳ አወጡ።

«አባባ፣ ለባለቤቴ ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ማን አጠጣት አለህ? አልበን ይዘን እንሂድ፣ ይፈላ፣ ከዚያ እናትየው ትፍረድ። ብቻ ወገቤ አይታጠፍልኝም፤ አንተ ነህ የምታልበው።»

እንኳን አህያ ላም አልቤ አላውቅም። ግን እሺ አልኩ። እሳቸው ጆሮዋን ይዘው በኦሮምኛ ሲያባብሏት እኔ በርከክ ብዬ ጣሳውን ከሥሯ አስጠጋሁ። ጥቂት ጠብታ ሲወርድ «መጣ!» ብዬ ሳልጨርስ አህያዋ በኋላ እግሯ ጣሳውን መታችው። ጣሳው በአናቴ ላይ በረረ፤ እኔ ወደ ኋላዬ ስፈነገል የተቆለለ ገለባ ውስጥ እስከ አንገቴ ገባሁ። ውርንጭላው መጥቶ ፊቴን አሸተተኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት የልጄን ሳቅ ነው። አፏን በእጇ መያዙን ረስታዋለች። ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ለሳምንታት ያጠራቀመችውን ሳቅ በአንዴ ለቀቀችው። አከራያችንም ዱላቸውን ተደግፈው ይስቃሉ። ወዲያው ሳሉ መጣ፤ እንደ ወትሮው ቀላች፣ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸች፣ አስመለሰች። ከገለባው ወጥቼ ወደ ፊት ዘንበል አድርጌ ያዝኳት። ሲያልፍላት ቀና ብላ አየችኝና፣

«አባዬ፣ ድገመው» አለችኝ።

ገለባው ፀጉሬ ውስጥ እንዳለ ድንቹን አወጣሁ። ሲስተር እንዳለችው ትንሽ አሳርፌ አንዱን ልጬ ሰጠኋት። በላችው። ሁለተኛውን ሰጠኋት፤ እሱንም በላች። አህያዋን እያየች፣ ትዝ ሲላት እየሳቀች፣ ከእጄ እየነጠቀች ሦስተኛውን ጨረሰች። ያን ያህል ስትበላ ካየኋት ወር አልፎ ነበር። ምግቡም ሆዷ ውስጥ ረጋ።

አከራያችን የተጣመመውን ጣሳ አንስተው አገላብጠው አዩትና «ለካ መድኃኒቱ እርግጫው ኖሯል» አሉ።

በዚያው ሳምንት ወደ ሲስተር ተመልሼ የሆነውን ሁሉ አጫወትኳት። የሳቁን ክልከላ ስነግራት መነጽሯን አወለቀች።

«እኔ ሳቅ ከለከልኩ? እንዳታሯሩጧት ነው ያልኩህ። ልጅ ሳትስቅ ምን ይዛ ትድናለች? ብትስል ያዛት፣ ብታስመልስ አብላት። አለቀ።» ከዚያ የልጅቷን ክንድ ይዛ አየችና፣ «የአህያዋን ነገር ግን እስቲ ከመጀመሪያው ድገምልኝ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሳሉ አልጠፋም፤ እኛ ግን ፈርተነው መደበቁን ተውን። ስትስቅ አንዳችን የብረት ሳህኑን እናነሳለን፣ አንዳችን ፎጣ፤ ካስመለሰች በኋላ ገንፎው ዝግጁ ነው። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ዛሬ ስንቴ ሳለች?» ማለቱን ትታ «ስንቴ ሳቀች?» ማለት ጀመረች። አከራያችን በፊቷ በጎን መሄዱን ለምደውት ኖሮ፣ አሁን ሆን ብለው ሊያስቋት ይሄዱበት ጀመር። ክንዷ ሥጋ አወጣ። የሳሉም ቁጥር እያደር ጎደለ፤ የዶሮ ድምፁም ቀረ።

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለቤቴ የኔን ኮት ለብሳ የፋብሪካችንን አለቃ አረማመድ ስታሳየን ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። እኔ ሳህኑን አነሳሁ፤ ባለቤቴ ኮቱን እንደለበሰች ፎጣውን ያዘች። ሁለታችን ግራና ቀኝ ተንበርክከን ጠበቅን። ሳቋ አለቀ። ምንም አልመጣም። ትንፋሿን ሳበች፤ ንጹሕ ነው። እኛን፣ ሳህኑን፣ ደግሞ እኛን አየች።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለችን።

ባለቤቴ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ እንደሆነ ለልጅቷ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ።

ሲስተር ቀድማ እንደነገረችን፣ ያን ዓመት ብርድ በነካት ቁጥር ሳሉ ትንሽ ትንሽ ያገረሽባት ነበር። በመጋቢት አንድ ጠዋት ሻይ ስትጠጣ ድንገት ትክ ትክ ስትል እኔና እናቷ ከመቀመጫችን ብድግ አልን። እሷ እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግታ አስቆመችን፤ ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ ከዚያም ትዕግሥት እንዳለቀበት ሰው ሆና፣

«ትን ብሎኝ ነው፤ ተቀመጡ» አለችን።