የቁልቁለቱ ቤንዚን

ባለፈው ግንቦት የእህቴ ልጅ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋሮቢት በመኪናው ይዞኝ ወረደ። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ሌሎች ሰዎች ነድተው ነድተው ለእሱ የደረሰች፣ ማርሽ በራሷ የምትቀይር አውቶማቲክ። ከገዛት ጀምሮ ወሬው ሁሉ ቤንዚን ሆኗል። በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች፣ ከተማ ውስጥ ስንት እንደፈጀች፣ የጓደኛው መኪና ባለማርሽ በመሆኗ ምን ያህል እንደምትቆጥብ ሲነግረኝ መንገዱ ተጋመሰ። ከአርማንያ በላይ ካለው ረጅም ቁልቁለት ስንደርስ ፈገግ ብሎ እጁን ወደ ማርሹ ሰደደ።

«አሁን እይልኝ አጎቴ። ከዚህ እስከ ሮቢት በነፃ ነው የምንወርደው።»

እጁን ያዝኩት። አጥብቄ መያዜን ያወቅሁት ፊቱን ሳይ ነው። ማርሽ ነፃ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ፣ ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ፣ በዛሬዎቹ መኪናዎች ላይ የከፋ ጉዳት እንደማያደርስ አውቃለሁ፤ አንብቤያለሁ። እጄ ግን አላነበበም።

«ምነው አጎቴ?» አለኝ።

«ተወው፤ እንዳለች ትውረድ» አልኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም። የምጽፈው ያን ጊዜ ያልነገርኩትን ነው።

ሸዋሮቢት መምህር ሆኜ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ፣ ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና በየቀበሌው በሚጠራበት ወቅት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመንዝ ብርድ ወርጄ ስመጣ ወፍራም ጋቢ ተሸክሜ ነበርና የሰፈሩ ሰው ስቆብኛል። ሮቢት ሙቀቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ትከሻ ላይ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ከሽንኩርቱና ከትንባሆው ማሳ የሚመጣው ነፋስ እንኳን ሊያቀዘቅዝ፣ የክፍሉን ጠመኔ ሳይቀር የሚያሞቅ ነበር። ሒሳብና ሳይንስ ነበር የማስተምረው። ማስረዳት እወድ ነበር፤ የጠየቀኝንም ያልጠየቀኝንም። ጥቁር ሰሌዳ በሌለበት በአፈር ላይ በእንጨት እየጫርኩ አስረዳለሁ።

የተከራየሁት ክፍል ከጋሽ እንድሪስ ግቢ ነበር። ጋሽ እንድሪስ በአሰብ መንገድ ላይ ብዙ ዘመን ከባድ መኪና የነዱ፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሰው ነበሩ። በአንድ አደጋ የግራ ጉልበታቸው ደቆ ከዚያ ወዲያ አልታጠፍ አላቸው። ፍሪሲዮን የሚረግጠው ግራ እግር ነው፤ ስለዚህ ሾፌርነቱ በዚያው አበቃ። ከዓመታት በኋላ ግን በአካባቢው ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ትንሽ አውቶማቲክ መኪናውን ሸጠላቸው። ፍሪሲዮን የላትም፤ በቀኝ እግር ብቻ ትነዳለች። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ሲነግሩኝ፣ ጋሽ እንድሪስ መሪ በያዙ በመጀመሪያው ቀን እስከ ጀውሃ ደርሰው እስኪመለሱ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም አሉ።

ችግሩ ቤንዚኗ ነበር። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ የወሩም ድርሻ ትንሽ ነው። ጋሽ እንድሪስ በየሳምንቱ ማንጎና ፓፓያ ጭነው ወደ ደብረ ሲና ይወጣሉ፤ ለእትዬ ፋጡማ ሱቅ ባቄላና ገብስ ይዘው ይወርዳሉ። ወሩ ሳይሞላ ኩፖኑ ያልቃል።

«ቆማም ትጠጣለች፣ ሄዳም ትጠጣለች» ይሉ ነበር ጋሽ እንድሪስ፣ ጣሪያዋን መታ መታ እያደረጉ። «ሙስሊም ቤት ገብቶ እንዲህ መጠጣት ነውር መሆኑን የሚነግራት ጠፋ።»

ይህ ሁሉ ቀልድ የነበረው እስከ ጥር ነው። በጥር አንድ ልጃቸው አህመድ ለውትድርና ተወሰደ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ማታ ማታ እኔ ዘንድ መጥቶ የሒሳብ ጥያቄ ይሠራ ነበር፤ ከመልሱ ይልቅ መንገዱን የሚወድ ልጅ ነበር። የሥልጠና ካምፑ ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ የሚገኝ ነው። በየካቲት አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ለእናትና ለአባቱ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሥልጠናው በግንቦት እንደሚያልቅ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን እንደሚሄዱ፣ ከመሄዳቸው በፊት ቤተሰብ መጥቶ ማየት እንደሚፈቀድ ይላል። «ካልተመቻችሁ አትቸገሩ» ይላል መጨረሻው።

«ካልተመቻችሁ ይላል እንዴ?» አሉ እትዬ ፋጡማ። «ደግመህ አንብበው እስቲ፣ ልጄ።»

ደግሜ አነበብኩት።

በአውቶቡስ እንዳይሄዱ ከደሴ የሚመጣው ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ቢያገኙም እንኳ ከዋናው መንገድ እስከ ካምፑ ያለውን ርቀት ያ ጉልበት አይሄደውም። መኪናዋ ነበረች ያለችው። ደርሳ ለመመለስ የሚበቃት ቤንዚን ደግሞ ከአንድ ወር ኩፖን ይበልጣል። ስለዚህ መቆጠብ ነበረብን። «ነበረብን» የምለው ነገሩ የእኔም ስለሆነ ነው።

ጋሽ እንድሪስ የድሮ ሾፌሮች ሁሉ የሚያውቁትን ያውቁ ነበር። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ሞተሩን ከጎማው አላቆ፣ ቁልፉን ማጥፋትና መኪናው በራሱ ክብደት እንዲወርድ መተው። «ቁልቁለት የአላህ ቤንዚን ነው» ይሉ ነበር። ግን በዚህች መኪና አልሞከሩትም።

«ይቺን አላውቃትም» አሉኝ አንድ ቀን፣ የመኪናዋን መጽሐፍ ከመሳቢያዋ አውጥተው። «ፍሪሲዮን የሌላት ነገር ነፍሷን የት እንደምታኖር እንጃ። እንግሊዝኛ ነው፤ እስቲ ምን እንደሚል እየው።»

ደስ አለኝ። መጽሐፉን ይዤ ስለ ነዳጅ ቁጠባ የሚናገረውን ምዕራፍ ፈልጌ አነበብኩ። የጎማ ነፋስ ሙሉ ይሁን ይላል፤ ቀስ ብላችሁ ተነሡ ይላል፤ የማያስፈልግ ጭነት አትጫኑ ይላል። ስለ ፎሌ የሚል የለም። ምዕራፉ አለቀ፤ እኔም መጽሐፉን ዘጋሁ። የቀረውን ራሴ አስረዳለሁ ብዬ ከእትዬ ፋጡማ ጓዳ ሁለት ሳህን አመጣሁ።

«ይህ ሞተሩ ነው፤ ይህ ጎማው» አልኩ ሳህኖቹን ፊት ለፊት ይዤ። «ፎሌ ሲሆን እንዲህ ይራራቃሉ። የማይነካካ ነገር አይፋተግም፤ የማይፋተግ ነገር አይጎዳም። ሞተሩ ጠፋ አልጠፋ ለውጥ የለውም።»

«ሳህኔን እንዳትሰብር እንጂ እሱስ ገብቷቸዋል» አሉ እትዬ ፋጡማ።

ጋሽ እንድሪስ ሳህኖቹን ትክ ብለው አዩ። «እንግዲህ መምህሩ ካለ» አሉ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው አብሬያቸው ወጣሁ። ስንመለስ ከደብረ ሲና በታች ቁልፉን ያጠፉና መኪናዋ ዝም ትላለች። ያን ዝምታ አልረሳውም። የጎማው ሹክሹክታና በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ብቻ ይሰማል፤ በየጠመዝማዛው ብርዱ እየተወን፣ ቆላው በማሽላ ገለባ ሽታ እየተቀበለን እንወርዳለን። የቤንዚኑን መጠን በጀሪካን እየለካሁ አንድ ሊትር ስንት እንዳስኬደን አሰላለሁ። በፊት ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር የማትዘለው መኪና ዐሥራ አራት ደረሰች። ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጥያቄ አድርጌ ሰጠኋቸው። የተረፈው ቤንዚን ከእትዬ ፋጡማ የእህል ጎተራ ጀርባ በጀሪካን ይጠራቀም ነበር። እሳቸው በየጠዋቱ ጀሪካኑን ወዝወዝ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ።

በሚያዝያ መኪናዋ ማመንታት ጀመረች። ከቆመችበት ስትነሣ ሞተሩ ቀድሞ ይጮኻል፤ ጎማው ቆይቶ ይከተላል። አንድ ሽታም መጣ።

«ያረረ ዳቦ ይሸታችኋል?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ሙቀቱ ነው» አልኩ። «በሙቀት ዘይት ይቀጥናል።» ይህንንም አስረዳሁ። በዚያ ሳምንት ስሌቴ ከዐሥራ አራት ወደ ዐሥር ወርዶ ነበር። የለካሁት ተሳስቷል ብዬ ሰረዝኩት።

በግንቦት አንድ ዓርብ የጋሽ እንድሪስ የድሮ ባልደረባ በከባድ መኪናው ሲያልፍ ወሬ አደረሰ፤ ልጆቹ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይነሣሉ ተብሏል። እትዬ ፋጡማ ጭኮ አዘጋጁ፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፣ ለመንገድ ይቆያል። በጣሳ ጠቀጠቁት። አህመድ ከጓሮው ዛፍ የሚወደውን ማንጎ አንድ ዘንቢል ለቀሙ። ጋሽ እንድሪስ የተጠራቀመውን ቤንዚን ጨምረው የቤንዚን ጋኗን ሞሉት። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሦስታችንም ተነሣን።

አርማንያን አልፈን ዳገቱ ሲበረታ መኪናዋ ቆመች። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ጋሽ እንድሪስ ቤንዚን ሲሰጧት ትጮኻለች፤ ከሥር ጭስ ይወጣል፤ ጎማው ንቅንቅ አይልም። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ እጃቸውን ከመሪው አነሡ።

«ካምቢዮዋ ሞተ» አሉ፤ ማርሹን የሚቀይረውን ሳጥን ማለታቸው ነው።

«እንግፋትና ትነሣ» አልኩ።

«ይቺ ተገፍታ አትነሣም፣ መምህር» አሉኝ፣ በቁጣ ሳይሆን ለተማሪ እንደሚነግሩ።

መንገድ ዳር ቆመን መኪና መለመን ያዝን። ሁለት አለፉን። ሦስተኛው ባዶ የጭነት መኪና ነበር፤ ሾፌሩ የጋሽ እንድሪስን ጉልበት አይቶ ቆመ። ማንጎውን ልጭን ዘንቢሉን ሳነሣ ከላይ ከጠመዝማዛው ጡሩምባ ተሰማ። የጭነት መኪናው ሾፌር ዳር ያዘ። «የወታደር ነው፤ ይለፍ» አለ።

የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ፣ ልጆቹ ከተባለው ቀን ቀድመው ተነሥተው ወደ ሰሜን እየወረዱ መሆናቸው ለሁላችንም ገባን። በየመኪናው ላይ ራሳቸውን የተላጩ ልጆች ጥቅጥቅ ብለው ተቀምጠዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ራስ። እኔ በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጦ የሚጽፈውን ልጅ መለየት አቃተኝ።

እትዬ ፋጡማ ጣሳውን ወደ ላይ ይዘው ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጡ። «አህመድ» ብለው ተጣሩ።

«አቤት» አለ አንድ ድምፅ ከመኪናው ላይ።

ሁለተኛው መኪና መጣ። «አህመድ።»

«አቤት፣ እማዬ» አሉ ሁለት ሦስት ሆነው።

በየመኪናው እንዲሁ ነበር። አህመድ የሚባል ይኑር አይኑር፣ የተጠራው እሱ ይሁን አይሁን፣ ልጆቹ አቤት አሉ። እጅ ያወጣሉ፤ እሳቸው ማንጎ ይወረውራሉ፤ የያዘው ይይዛል፤ የወደቀው እየተንከባለለ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ጣሳውን ግን አልሰጡም፤ ለማን እንደሚሰጡ አላወቁም። ጋሽ እንድሪስ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ የማይታጠፈውን እግር ወደ ጎን አድርገው ቆመው ነበር። አልተጣሩም። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ብቻ ይመለከታሉ።

መኪናዎቹ አለቁ። የጭነት መኪናው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «እንሂድ እንጂ፣ ጋሼ» አለ።

«አንተ ሂድ፣ ወንድሜ። ከእንግዲህ ወደ ላይ ጉዳይ የለንም።»

መኪናዋን ሦስት ሰው ሆነን አዞርናት። ወደ ሮቢት የተመለስነው በዚያችው በለመድናት መንገድ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በፎሌ፣ አንድ ጠብታ ሳናቃጥል። የቤንዚን ጋኗ ከሞላ ጎደል ሙሉ ነበር። በነፋሱ ውስጥ እትዬ ፋጡማ፣ «ሦስተኛው ላይ ያለው እሱ ነው። ድምፁን እኔ አጣዋለሁ?» አሉ። 

ከሳምንት በኋላ ጋሽ እንድሪስ መጽሐፉን ይዘው ወደ ክፍሌ መጡ። «ምን እንደገደላት እይልኝ» አሉ። ያላነበብኩትን ክፍል አነበብኩ። መኪናዋ ስትጎተት ምን እንደሚደረግ ከሚናገረው ገጽ ላይ ነበር። የካምቢዮው ዘይት የሚዘዋወረው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ረጅም መንገድ ከተንከባለለ ውስጡ ያለ ዘይት ይሽከረከርና ይቃጠላል ይላል። ሳህኖቼ አልተነካኩም ነበር፤ ከጎማው ጋር የሚዞረው ግን አንደኛው ሳህን ብቻውን ተቃጥሏል። መጽሐፉን ዘጋሁት።

«እርጅና ነው ይላል» አልኳቸው።

«መጽሐፉ እርጅና ካለ እርጅና ነው» አሉና ወጡ።

አህመድ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎች ከሰሜን በእግራቸው እየተንጠባጠቡ ሲገቡ እትዬ ፋጡማ መንገድ ዳር ወንበር አውጥተው ሰነበቱ። እኔ በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ስሰናበት ጋሽ እንድሪስ የመኪናዋን መጽሐፍ ሰጡኝ። «መኪናዋ የለችም። አንተ ታነበዋለህ» አሉኝ።

የገለጥኩት ከዓመታት በኋላ ነው። የመጎተቱ ገጽ ላይ ጽሑፍ ማንበብ የማይጠይቅ ሥዕል አለ፤ አራቱም ጎማዋ መሬት የነካ መኪና ትጎተታለች፣ በላይዋ ላይ ትልቅ የክልክል ምልክት ተሰምሯል። ያኔ ጽሑፉን እንጂ ሥዕሉን ልብ አላልኩትም ነበር። በሥዕሉ ጠርዝ ላይ የቅባት አውራ ጣት አሻራ አለ። መቼ እንዳረፈ፣ ጋሽ እንድሪስ ወደ ክፍሌ ከመምጣታቸው በፊት ይሁን በኋላ፣ አላውቅም። ልጠይቃቸው ሮቢት ስወርድ በሕይወት አልነበሩም።

እንግዲህ በግንቦቱ ጉዟችን የእህቴ ልጅ እጁን ከማርሹ አነሣ። ሞተሩ ዳገት እንደያዘ ሁሉ እያጉረመረመ ወረድን። እኔ ያኔ የቆምንበትን የአስፋልቱን ጠርዝ አየሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለም፤ ከገደሉ ሥር ግን ጥቂት የማንጎ ዛፎች አየሁ። ማን እንደተከላቸው አልጠየቅሁም።

«እንዲህ ስንወርድ በከንቱ ትጠጣለች እኮ፣ አጎቴ» አለኝ ልጁ።

«ትጠጣ» አልኩት።