የተዋስኩት ክንድ

ሽቦ የምንለው የጋራዣችን በያጅ ነው። ሠላሳ አልሞላውም፤ ስሙን ያወጣለት ቅጥነቱ ነው። ሲጋራውን በሲጋራ ይለኩሳል፣ ምሳውን ሳይቀምስ ጨው ይነሰንስበታል፣ ከዚያ ሆዴን መታ አድርጎ «የሚታዘነው ላንተ ነው» ይለኛል። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ጋራዥ ስገባ ሆዴ ይቀድመኛል።

አንድ ጠዋት አለቃችን ነርስ ይዞ መጣ። ደም ግፊታችሁን በነጻ ትለካችኋለች አለ። በነጻ! ጓንት ሲጠየቅ ፊቱን የሚያዞር ሰው! ነገሩ አልጣመኝም። በሽተኛውን ለይቶ ሊያባርር ነው ብለን ሁላችንም ጠረጠርን። እስከ ዛሬም ይኸን ሰውዬ አላምነውም።

«አንተማ አለቀልህ» አለኝ ሽቦ። «በስምህ እኔ ልግባልህ።» ነርሷ አታውቀንም፤ የምትለካበት ቢሮ ገብቶ ስሜን ነገራት። ቆየ። ሲወጣ ሳቁን መያዝ አቅቶታል።

«ጉድህ ፈላ! እያሳረፈች ሦስቴ ለካችኝ። ግፊትህ ጣሪያ ነክቷል፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ሲጋራና ጨው ተው ተብለሃል።»

«አንተ ጅል! ክንዱ የማን ነው?»

ሳቁ ጠፋ። ወዲያው ግን ዓይኑ ወደ ቢሮው ዞረ። «የአለቃ ተንኮል ነው። ቀጭን ሰው ምን ግፊት አለው? ቅጥነት ዋስትና አይሆንም ትላለች ደግሞ! ከቤተሰብህ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የሞተ አለ ወይ? አለችኝ። የለም አልኳት። አባቴ እንደሆነ ከመሰላል ወድቆ ነው።»

በሩ ላይ ሻይ የምትሸጥልን እናቱ ናት። ብርጭቆ ስትሰበስብ ይኸን ሰማች፤ ባለችበት ቀረች።

«መሰላሉ አይደለም የገደለው» አለች። «እላይ ሳለ ደረቱን ይዞ ‹ልቤን!› ብሎ ነው የወደቀው። ዕድሜው ካንተ ብዙም አይበልጥም ነበር።»

«ምን ነካሽ እማዬ?»

«ዘራቸው የልብ በሽታ አለበት ተብሎ እህቶችህ ባል እንዳያጡ ብዬ ዋሸሁ።»

ሽቦ አለቃውን በሚያይበት ዓይን አያት። «እና ዛሬ ትዝ አለሽ? እሱ ነው እንዲህ በይ ያለሽ?»

አፈርኩ፤ ለሷም ለሱም። በጥፊ ብትለው ደስ ባለኝ። እሷ ግን ብርጭቆዎቹን መሬት አስቀምጣ፣ ጆሮው ላይ የሰካውን ሲጋራ ነቀለችና መዳፏ ውስጥ አደቀቀችው። «እኔ ሁለተኛ አልቀብርም» አለች።

ሽቦ የብየዳ መነጽሩን ከግንባሩ አውልቆ ሰጠኝና ወደ ቢሮው ሄደ። ሐሳቡን እንዳይቀይር ብዬ ተከተልኩት። ነርሷ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር።

«ሲስተር፣ ቅድም ዋሽቼሻለሁ» አላት። «ስሙ የሱ ነው፤ ክንዱ የኔ ነው። ስሙን ሰርዢና የኔን ጻፊ። የለም ያልኩሽንም ሰርዢው። አባቴ ነው።»