ደሳለኝ ባሕር ያየ ዕለት

ደሳለኝ ጆሃንስበርግ አጠገብ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለችው። ዳቦውንም የስልክ ካርዱንም የሚሸጠው በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ነው፤ የሚተኛውም እዚያው ከዱቄት ጆንያዎቹ ጀርባ ነው። ከሆሳዕና ገጠር ከመጣ ወዲህ ጆሃንስበርግን የሚያውቃት ከጅምላ መደብር እስከ ቤተ ክርስቲያን ባለው መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ አጵሎስ ደውለው፣ «ቅዳሜ ወደ ውቅያኖሱ እንወርዳለን፤ ቱሪስት የሚወጣው የአሸዋ ተራራ አለ። አንተም ትመጣለህ፤ ሱቁን ዱካሞ ይይዝልሃል» ሲሉት፣ መጀመሪያ የታየው እናቱ መሞቷ ነው።

አባቱ ያረፈ ጊዜም የጠሩት እኚሁ ጋሽ አጵሎስ ነበሩ። «ፎርድስበርግ እኛ ቤት ፕሮግራም አለ፣ ብቅ በል» ብለውት፣ የልጅ ምርቃት መስሎት አንድ ሳጥን ለስላሳ ተሸክሞ ሄደ። «ምነው፣ ሳልመጣ ምግቡን ጨረሳችሁት እንዴ?» እያለ እየሳቀ ገባ። ቤት ሙሉ ሰው ቆሞ ጠበቀው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰውን ከሥራው ጠርተው፣ ወገን በተሰበሰበበት ነው የሚያረዱት። ማንም አልበደለውም። ያ ሳቁ ግን እስከ ዛሬ ይሰማዋል።

የእናቱ የኤርጎጌ ስልክ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ አይጠራም። ዛንድስፕሩት የሚነግደው ወንድሙ ሕዝቅኤል፣ «መብራት ጠፍቶ ነዋ» ብሎ አቃለለበት።

ቅዳሜ ሳይነጋ የአገሩ ልጅ ዱካሞ መጣ። ዱካሞ የሰው ሱቅ ያዝ ሲባል ሰበብ የማያጣ ሰው ነው። ዛሬ ቁልፉን ሳያንገራግር ተቀበለ።

«ምን ሰምተህ ነው?» አለው ደሳለኝ።

«ምን እሰማለሁ? ብቻ ባሕሩ እንዳይወስድህ፤ ዋና እንደሆነ አትችል።»

አንዲት አሮጊት ደንበኛው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ ማለት ነው፣ የሚላት፣ ወሬውን ሰምታ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጥታዋለች። ለመድኃኒት የሚሆን የባሕር ውኃ እንዲያመጣላት ነው። ጠርሙሱን ይዞ መኪናው ውስጥ ሲገባ የኋላው ወንበር ላይ የታጠፈ ጋቢ አየ።

«ጋቢው ለምንድን ነው፣ እህት ፊቤ?»

«የባሕር ነፋስ አይቻልም ይላሉ» አለች የጋሽ አጵሎስ ባለቤት፣ ዞር ሳትል።

ሃይደልበርግን እንዳለፉ ፊቤ ዳቦ በእንቁላል አቀበለችው። «ብላ፤ ባዶ ሆድህን እዚያ አትድረስ።» መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል። ደሳለኝ ዳቦውን ይዞት ቆየ እንጂ አልጎረሰውም።

«ጎጎ በዚህ ጠርሙስ ባሕሩን ልታስጨርሰን ነው» አሉ ጋሽ አጵሎስ። ፊቤ ሳቀች። እሱ ከንፈሩን ገጥሞ መንገድ መንገዱን አየ። ሁለተኛ ሲስቅ አይደርሱበትም።

ነዳጅ ሊቀዱ በቆሙበት የጋሽ አጵሎስ ስልክ ጠራ። ወርደው፣ ራቅ ብለው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው አወሩ።

«ማነው፣ ጋሼ?»

«የምናድርበት ቤት ሰውዬ። በዋጋ ሊከራከረኝ ነው።»

ከቀትር በኋላ ደረሱ። ተራራው ጀርባው በቁጥቋጦ የተሸፈነ ሆኖ አናቱ ራቁቱን የቀረ አሸዋ ነው። ዘበኛው «ሳውቦና» ብሎ ሰላም አላቸውና ጫማቸውን እንዲያወልቁ፣ መንገዱን ከከለለው ገመድም እንዳይወጡ ነገራቸው። ፊቤ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። አሸዋው እግር ይውጣል፤ አንድ ሲራመዱ ግማሹን ይመልሳል። የደሳለኝ ስልክ ኔትዎርክ የለውም።

ጋሽ አጵሎስ እያለከለኩ፣ «ላይ ስንደርስ ቁጭ ብለን እንጸልያለን» አሉ።

ደሳለኝ ቆመ።

«እዚሁ ይንገሩኝ።»

«ምኑን?»

«እናቴን።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ጋሽ አጵሎስ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ስለ እናትህ የሰማነው ነገር የለም። አባትህ ካረፈ ጀምሮ ከዚያ ፍርግርግ ወጣ ብለህ አታውቅም። ይዘነው እንውጣ ያለችው ፊቤ ናት።»

«ያን ጊዜም ፕሮግራም አለ ብለውኝ ነበር።»

ፊቤ፣ «እኛን ካላመንክ ላይ ወጥተህ ደውልላት» አለችው። ጋቢውንም ከትከሻዋ አውርዳ ጠቀለለችው።

በእጁም በእግሩም ቧጦ ወጣ። ባሕሩ ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ ነበር፤ አላየውም። ስልኩ ጠራ፣ ቆየና ተነሣ።

«እማዬ?»

«ደሳለኝ? መብራቱ አሁን ገና መምጣቱ ነው። ምነው፣ ሱቅ ሰው የለም?»

አሸዋው ላይ ተቀመጠ። «ሱቅ አይደለሁም። ዱካሞ ነው ያለው። እኔ ከጋሽ አጵሎስ ጋር ወጥቼ…»

«አጵሎስን ምን አመጣው?» አለች እናቱ ቀስ ብላ። «ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም።»

«ሱቅህን ጥለህ፣ ከአጵሎስ ጋር ሆነህ፣ ማንም? ሕዝቅኤል ነው? አትደብቀኝ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ያ የሚጮኸውስ? ለቅሶ አይደል?»

«ባሕር ነው፣ እማዬ።»

«የምን ባሕር።»

ስልኩን ወደ ማዕበሉ ዘረጋላት። ያን ጊዜ ነው እሱም ያየው፦ ውኃው እየተነሣ ይወድቃል፣ ተመልሶም ይነሣል። አጠገቡ የደረሰችው ፊቤ ጎንበስ ብላ፣ «እውነቱን ነው እማማ፣ ሕዝቅኤልም ደኅና ነው» አለች። እናቱ ለማመን ጊዜ ወሰደባት።

«እሺ፣ እዚያ ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«ልጎበኝ።»

«ምኑን?»

«አሸዋውን።»

«አሸዋ» አለች ኤርጎጌ። «ወንዛችን ዳር ሞልቶ የለም እንዴ?»

ሳቁ አመለጠው። ደንገጥ ብሎ አፉን በእጁ ያዘ፤ ዙሪያውን አየ። የቆመ ሰው የለም፤ ጋሽ አጵሎስ እንኳ ገና ከታች እየዳሁ ናቸው። «ማታ ደግሜ እደውላለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋና፣ የጎጎን ጠርሙስ ከኪሱ አውጥቶ ወደ ውኃው ወረደ።