ዶላሞና ረጅሙ ቀርከሃ

ከጂንካ በላይ ባለው የአሪ መንደር ቀርከሃ የሚነፉ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ብቻ አላቸው። አንዱ ሲነፋ ሌላው ይጠብቃል፤ ዜማው የሚሞላው ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ ነው። ከአጫጭሮቹ አንዱ ቢጎድል ሠርገኛው ልብ አይልም። ረጅሙ ከጎደለ ግን ጨፋሪ እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል። ያንን ረጅም ቀርከሃ ዶላሞ ከአባቱ ወርሶ ሲነፋው ኖሯል።

መጀመሪያ አንድ ዓይኑ ጭጋግ ለብሶ ሰነበተና ተመለሰ። ቀጥሎ ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለ። ጎረቤት "የሰው ዓይን ነው" ሲል ሚስቱ አስቻለች ጥጃዋን ሸጣ አዲስ አበባ ድረስ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ እንደሚባል፣ የነርቭን ልባስ እየላጠ የአንጎልን ትእዛዝ መንገድ ላይ እንደሚያስቀር፣ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው ነገራቸው። "ደረትህን ግን አትተወው፤ የመተንፈሻ ጡንቻም ካላሠሩት ይሰንፋል" አለው።

ዶላሞ ነገሩ የገባው ትንፋሹ ሠርግ መሃል ላይ ሲከዳው ነው። የ1976 ክረምት ሲገባ ደግሞ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መስከረም ላይ ጂንካ እንዲከበር፣ የመንደሩም ነፊዎች እንዲወርዱ ታዘዘ። ገበሬ ማኅበሩን የሚመራው ዳርጌ መጣ።

"ዶላሞ፣ ባለፈው ሠርግ እኮ ቀርከሃው እንደ ታመመች ላም አቃሰተ። አውራጃው በሙሉ በተሰበሰበበት ልታዋርደን ነው? ለወንድሜ ልጅ ስጠው።"

"እስከ በዓሉ ጠብቀኝ።"

"ከዚያስ?"

"ካቃተኝ በገዛ እጄ እሰጠዋለሁ።"

የጂንካው ጤና ረዳት ፈለቀ ቀጭን ሸምበቆ ቆረጠለት። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ አየሩን በሸምበቆው ቀስ እያለ እንዲስብ፣ በዚያው መልሶ እንዲነፋ አሳየው። "ቀዳዳው ሲጠብ ደረትህ ይታገላል። የሚያጠነክረው ትግሉ ነው" አለው።

ዶላሞ ግን ገበሬ ነው። ለገበሬ ሥራ ማለት ወገብ እስኪቆረጥ ነው፤ ሸምበቆውን እንደ ዶማ ያዘው። ክረምቱ ፋታ የሰጠበት አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ደጅ ተቀምጦ ሲስብና ሲነፋ ዋለ። ማታ ጉርሻ ወደ አፉ ማንሳት አቃተው። ለቀናትም ተኛ። አስቻለች ፈለቀን አስጠራችው።

"ራስህን ግደል ያለህ ማነው?"

"ዶክተር፣ ጠንክር አላልከኝም?"

"ዶክተር አይደለሁም፣ ስንቴ ልንገርህ! ጠንክር አልኩ እንጂ ደረትህን እረሰው አልኩህ? ይህን በሽታ ሙቀትም ልፋትም ያባብሰዋል። ጠዋት በቀዝቃዛው፣ ጥቂት ጥቂት። ሳይደክምህ ተው።"

"ሳይደክመኝ የተውኩት ምኑን ሥራ ሆነ?"

አስቻለች ሳቀች። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ 'እረፍ' ስልህ ጆሮህ የት ነበር?"

ጽናትን የምናውቀው በመግፋት ነው፤ መቆምን የስንፍና ታናሽ ወንድም አድርገን አሳድገናል። ዶላሞ ግን ገና ጉልበት እያለው ሸምበቆውን ከአፉ ማውጣት ነበረበት፤ ከሁሉ የከበደውም እሱ ነው። ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ሳይነሳ ይስባል፣ ይነፋል፣ ያቆማል። ከዚያ እጁን አጣጥፎ፣ ራሱን እየታዘበ ይቀመጣል። እግሩ አልተሻለውም፤ ፈለቀም አልዋሸውም። ክረምቱ ሲጋመስ ግን አንድ ጠዋት ሳል ያዘውና እንደ ሰሞኑ ከጉሮሮው ሳይሆን ከሆዱ ሳለ። አስቻለች ከጓሮ ሆና ሰማችው።

"እሰይ! ዛሬ እንደ ሰው ሳልክ!"

በበዓሉ ቀን በጂንካው የአውሮፕላን ሜዳ የሚግጡት ከብቶች ተባረሩና ሕዝቡ ዙሪያውን ከበበ። ነፊዎቹ እየዞሩ ነው የሚነፉት። ዶላሞ መቆም ስለማይችል መሪያቸው ኤርሳዶ ወንበር መሃል ላይ አስቀመጠለትና ሌሎቹ ዞሩት። ሁለት ዜማ አለፈ። ፀሐይዋ በረታች። በሦስተኛው ላይ ዶላሞ ድካሙ ገና ከሩቅ ሲመጣ አወቀው። ቢገፋ አንድ ዙር ይሄድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም የለም። ሕዝቡ እያየ፣ ዳርጌ እያየ፣ ቀርከሃውን ከአፉ አወረደ።

"አለቀለት!" አለ ዳርጌ።

ዶላሞ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሸምበቆው ከንፈሩ ላይ እንዳለ ሁሉ፣ ቀስ እያለ ሳበ። ኤርሳዶ ገባው። የጎደለው ድምፅ ቦታ በደረሰ ቁጥር መሬቱን በእግሩ መታለት፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ዙሩ ሲመለስ ረጅሙ ቀርከሃ ከሥር ገባ፤ ዜማው እስኪያልቅም አልወጣም።

ዳርጌ ሕዝቡን ሰንጥቆ መጣና እጁን ወደ ቀርከሃው ዘረጋ።

"በል ልያዝልህ፤ ደክሞሃል።"

"አልደከመኝም፤ ሳይደክመኝ ነው የተውኩት" አለ ዶላሞ፣ በአስቻለች ትከሻ ተደግፎ እየተነሳ። "ቀርከሃው እኔው ጋ ይሁን። አንተ፣ ጓድ ዳርጌ፣ ወንበሩን ያዝልኝ።"

ዳርጌ ግራ ቀኙን አየ። ሁሉም እያየው ነው። ወንበሩን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገና ከኋላቸው ተከተለ።