«የእኔ ናት» ያልኩ ዕለት

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ዳቦ ስገዛ እንኳን ከሥሩ ገልብጬ ሳላይ አልከፍልም። ስለዚህ ዳይሬክተራችን የክረምቱን ሥልጠና ጨርሶ፣ አዲስ ጃኬት ለብሶ ሲመለስና ትምህርት ቤቱን «እንደ አዲስ እንቀርጸዋለን» ሲለን፣ መጀመሪያ የጠየቅኩት ራሴን ነው፦ ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ጃኬቱንስ ማን ገዛለት?

ትምህርት ቤታችን ከሞላሌ ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ባለፈው ዓመት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ልጆቻችን አንድም ያለፈ አልነበረም። አዲሱ አሠራር ለዚያ መድኃኒት ነው ተባለ። ዴስኮቹ ከረድፍ ወጥተው ፊት ለፊት ተጋጠሙ። ክፍለ ጊዜው ረዘመ። ዋናው ግን ድልድሉ ነበር፦ እያንዳንዱ መምህር ጥቂት ተማሪዎች ይደርሱታል፤ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ይከታተላቸዋል፤ ከሳምንት በላይ ከቀሩ ቤታቸው ድረስ ይሄዳል። ዳይሬክተሩ «ተማሪዬ» እንድንል እንኳን አልፈለገም። «ይቺ የእኔ ናት፣ ያ የእኔ ነው በሉ፤ ያኔ ኃላፊነቱ ይሰማችኋል» አለን። እኔ በልቤ፣ ጎብኚ መጥቶ ፎቶ እስኪነሣ ነው አልኩ። ዴስኮቹ ከተጋጠሙ ወዲህ ልጆቹ በሒሳብ ጥያቄ ሲከራከሩ መስማቴን አልክድም፤ እሱንም ቢሆን ለታይታ እንዳይሆን ብዬ ሁለት ቀን በመስኮት አይቻቸዋለሁ።

ለእኔ ከደረሱኝ ተማሪዎች አንዷ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነበረች። በማስተምርበት ዘመን ሁሉ በሒሳብ እንደሷ ያለ አላጋጠመኝም። ሰሌዳ ላይ ስሳሳት እጇን አታወጣም፤ ዝም ብላ የተሳሳትኩበትን ቦታ ትኩር ብላ ታያለች፣ እኔም ዞሬ አየዋለሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት አንድ ሰው እንኳን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ከሆነ እሷ ናት ብዬ ቆርጬ ነበር። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ቀረች። አንድ ሳምንት ሞላ፣ ሁለተኛውም ሊያልቅ ሆነ። ወሩ ጥር ነው፤ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ሌላ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገኝም። አባቷ ሊድሯት ነው።

መንገዱን ስለማላውቀው የትምህርት ቤቱን አዛውንት ዘበኛና ከወላጅ ኮሚቴው አንድ ሽማግሌ ይዤ፣ ዓርብ ከሰዓት ሄድኩ። ነፋሱ ፊት ስለሚቆርጥ ሦስታችንም ጋቢ ተከናንበናል። ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ ስንደርስ አባትየው በር ላይ ወጥተው ተቀበሉን። ግቡ አሉን፤ ሰዓቱ እየሄደ ስለነበር አንገባም አልኩ። ደጅ ላይ መቀመጫ አወጡልን፤ አልተቀመጥንም። ጠላ አመጡ፤ የመጣሁበትን ሳልናገር አልቀምስም ብዬ መለስኩ። የሰው ጠላ ጠጥቶ ባለቤቱን መቆጣት ከብዶኝ ነው። ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ቆማለች፤ የነጠላዋ ጫፍ ይታየኛል።

«ስለ ልጅዎ ጉዳይ ነው የመጣነው» አልኩ።

አባትየው ሁለቱን ሽማግሌዎች አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። «ለማን ነው?» አሉ።

ጥያቄው ግራ አጋባኝ። ሊያድበሰብሱኝ የፈለጉ መሰለኝና ፈርጠም ብዬ፣ «ለእኔ ነው የደረሰችው። የእኔ ናት» አልኩ።

ዘበኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባትየው፣ «እንግዲህ ዘመድ ላማክር። በሳምንቱ ተመለሱ» አሉ።

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በውስጤ ስብከነከን ነበር። ልጅን ትምህርት ቤት ለመላክ ዘመድ ማማከር ምን ያስፈልጋል? ሠርጉን እስኪደግሱ ሊያዘናጉኝ ነው። ሰኞ ጠዋት ቦታዋ ባዶ መሆኑን ሳይ ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፍኩ። ያለዕድሜ ጋብቻ ሊፈጸም ነው አልኩ፤ ይመስለኛል አላልኩም። የትምህርት ቤቱን ማኅተምም አስመታሁበት።

ረቡዕ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋው። የቀበሌ ሰዎች ሄደው ልጅዎን ለማን ሊድሩ ነው ብለው ሲጠይቋቸው፣ አባትየው «እኔ ለማንም አልሰጠኋትም፣ ሽማግሌ ይዞ የመጣብኝ የሒሳብ መምህሯ ነው፣ በአፉም የእኔ ናት ብሎኛል» ብለው መልሰዋል። ዳይሬክተሩ ዓይን ዓይኔን እያየ እውነት እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደዚያ በሉ ያልከን አንተ ነህ ስለው ሳቀ። ማመኑን ግን እስከ ዛሬ እንጃ። እኔ ሰውን በምመረምርበት ዓይን ሲመረምረኝ ምን ያህል እንደሚያም ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ያደግኩት ዓለም ከተማ ነው። እዚያ አሁን አሁን ሽማግሌ እንኳን አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ነው የሚመጣው። ቢሆንም ጋቢ ለብሶ፣ አልቀመጥም ብሎ፣ ጠላ መልሶ «ጉዳይ አለኝ» የሚል ሰው ሴት ልጅ ሊጠይቅ እንደመጣ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሌላውን ሰው ሁሉ ሳይ ራሴን ማየት ረስቼ ነው። ዘበኛውን፣ እያወቁ ለምን ዝም አሉ ብዬ ተቆጣኋቸው።

«እኔማ እውነትም ፈልገሃት መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «ትምህርቱን ሰበብ አድርገህ፣ በነፃ ሽማግሌ የምታደርገን መስሎኝ ታዝቤሃለሁ።»

ዓርብ ዕለት አባትየው ራሳቸው መጡ፤ ልጅቷን አስከትለው። መሸኛ ነው የፈለጉት፤ ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ ልትማር ነው። በአዲሱ አሠራር መሸኛው ያለእኔ ፊርማ አይወጣም። ድልድሉን፣ «የእኔ ናት» የሚለውን፣ ብርዱን፣ ጋቢውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ቀደም ሲል ለወላጆች ስብሰባ ሲመጡ እርስዎ ነበር የሚሉኝ፤ ያን ዕለት አንተ አሉኝ።

«ይሁን፣ አምኜሃለሁ። አገር ግን ሰምቷል። ተጠይቃ የተከለከለች ልጅ ጠያቂዋ ፊት ተቀምጣ አትማርም፤ ሰው ስሟን ያነሣል። እኔም ጠርጥሬህ ነበር፤ የእኔ ጥርጣሬ ግን ከቤቴ አልወጣም። ያንተ ማኅተም ተመትቶበት ነው የመጣብኝ።»

አፈርኩ። ፈረምኩላቸው።

ልጅቷ የሒሳብ መጽሐፉን ልትመልስልኝ ደጅ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ስቀበላት ለምን እንደቀረች ጠየቅኳት። እናቷ ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ኖሮ ውኃ የሚቀዳ፣ እሳት የሚያነድ ሌላ ሰው በቤቱ አልነበረም። ወጌሻ አስሯቸው ሲሻላቸው ልትመለስ ደብተሯን አዘጋጅታ ነበር። ልትመጣ የነበረው ሰኞ ነው፤ እኛ የሄድነው ዓርብ ነው።

«ታዲያ ያን ቀን ሁሉን እየሰማሽ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ፣ መምህር?» አለች።